የሞተር ዘይትና የዋስትና ደብተር፤ ከዳባትና ከደባርቅ መንገድ አንጻር የቀረበ ሒስ

በዚህ መጽሔት በሒስ ስም የሚወጡት ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ ልብ ወለድን፥ ግጥምንና ቲያትርን የሚመለከቱ ናቸው። እኛ ዛሬ ለሒስ የመረጥነው መጽሐፍ ግን በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ የማይገኝ፥ የደራሲው ስም ያልተጻፈበት፥ አንባቢውም እጅግ ጥቂት የሆነ ነው። እርሱም አዲስ የጭነት መኪና ሲሸጥ ከቁልፉ ጋራ ለገዢው የሚሰጠው የዋስትና ደብተር ነው። ደብተሩ ብዙውን ጊዜ ከላስቲክ ከረጢቱ ሳይወጣ ከሹፌሩ አጠገብ ባለው ኪስ ውስጥ ይቀመጣል። የሚነበበውም ሞተሩ ከተበላሸ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ አንባቢው የሻጩ ድርጅት መርማሪ እንጂ ባለ መኪናው አይደለም።

እንዲህ ያለውን ጽሑፍ መመርመር ለተማሪ የማይገባ ሥራ ነው የሚል ቢኖር መልሳችን አጭር ነው። በስሜን ግርጌ፥ በዳባትም ሆነ በደባርቅ፥ አንድ የጭነት መኪና የብዙ ሰዎች ገንዘብ ያረፈበት ንብረት ነው። ወንድም ከብቱን ሸጦ፥ እኅት ወርቋን አውጥታ፥ የጎደለው ከባንክ ተበድሮ የሚገዛበት ጊዜ አለ። በእንዲህ ያለው ንብረት ላይ የሚፈርድ ዓረፍተ ነገር በሚገባ መጻፉንና በሚገባ መነበቡን መጠየቅ የሒስ ተግባር ነው ብለን እናምናለን።

የሐተታችን አሳብ በአጭሩ ይህ ነው። በዋስትና ላይ ላለ መኪና ትክክለኛው የሞተር ዘይት በአራት ነገሮች ይታወቃል፤ በውፍረት ቁጥሩ፥ በጥራት ደረጃው፥ በሚለወጥበት ጊዜና በመለወጡ ማስረጃ። ደብተሩ አራቱንም ይዟል፤ ነገር ግን ለሜዳ አገር የሚበቃውን አስቀድሞ፥ ለዳገት አገር የሚያስፈልገውን ወደ ኋላ ደብቆ ይናገራል። ሹፌሮቻችንና መካኒኮቻችን ደግሞ ከአራቱ አንዱን፥ ማለት ውፍረቱን፥ አጥብቀው ይዘው ሦስቱን ችላ ይላሉ። በሁለቱ መካከል የሚባክነው የባለ መኪናው ገንዘብ ነው።

፩. ስለ አንድ ጉዳይ

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ በዳባት የሰማነውን አንድ ጉዳይ እናስቀድማለን፤ የባለ ጉዳዩንም ሆነ የሻጩን ስም አንጠቅስም። ሰውየው ባለ ተርቦ አዲስ የጭነት መኪና በብድር ገዝቶ ከወገራ እህል፥ ከጎንደር ሲሚንቶና ሸቀጥ እየጫነ ወደ ደባርቅ፥ አንዳንዴም በሊማሊሞ ቁልቁል ወደ አዲ አርቃይ ይመላለስ ነበር። በደብተሩ የመጀመሪያ ሰንጠረዥ ዘይቱ በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ ይለወጥ የሚል አለ። የመጀመሪያውን ሰርቪስ በሻጩ ጋራዥ አሠራ። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ግን መኪናውን ሥራ አስፈትቶ ሩቅ ከመሄድ ብሎ በአቅራቢያው በሚገኝ ጋራዥ አስለወጠ። መካኒኩም «ይህ አገር ዳገት ነው፤ ቀጭን ዘይት አይችለውም» ብሎ ነጠላ ቁጥር 50 ዘይት ጨመረለት። ዋጋው በእጅ ተከፈለ፤ ደረሰኝ አልተጠየቀም፤ የዘይቱም ዕቃ ለውኃ መቅጃ ተወሰደ። የዋስትናው ዘመን ሳያልቅ ክራንክሻፍቱ የሚዞርባቸው ብሮንዞች ተበሉ። ሻጩም ዘይቱ ከታዘዘው ውጭ መሆኑንና የሁለቱ ሰርቪሶች ማስረጃ አለመኖሩን ጠቅሶ ዋስትናው ፈርሷል አለ።

ባለ መኪናው ሐዘኑን ሲገልጽ «እኔ እኮ ዘይት አልነፈግሁትም፤ እንዲያውም ከታዘዘው የወፈረ አጠጣሁት» ብሎናል። የጉዳዩ ቁልፍ በዚህ ንግግር ውስጥ ነው። በቋንቋችን ወፍራም የሚለው ቃል ምስጋና፥ ቀጭን የሚለው ደግሞ ነቀፋ የሚሆንበት ቦታ ብዙ ነው። ወጡ ቀጠነ ሲባል ባለቤቲቱ ታፍራለች፤ ጠላው ወፍራም ነው ሲባል ደጋሹ ይኮራል። ሰውየው ለሞተሩ ያደረገው ለእንግዳ የሚደረገውን ክብር ነው። ሞተር ግን በእንግዳ ሥርዓት አይስተናገድም።

፪. ስለ መንገዱ

ከጎንደር ወደ ሰሜን የሚወጣው መንገድ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አልፎ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆነው ደባርቅ ይደርሳል። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት። ከደባርቅ ወዲያ ኢጣሊያኖች በወረራው ዘመን፥ ማለት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፥ በገደሉ ላይ የቀደዱት የሊማሊሞ መንገድ እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማ ቆላ ይወርዳል። የከፍታው ልዩነት ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ አንድ ሞተር ጧት በደጋው ብርድ ተነሥቶ እኩለ ቀን ላይ የቆላውን ሐሩር ያገኛል፤ ሲመለስም ጭነቱን እንደ ተሸከመ ያንኑ ገደል ይወጣል።

ይህ መንገድ በሞተር ላይ የሚያደርሰው ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛ፥ በደባርቅ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። አየር ያነሰው ሞተር ናፍጣውን በሚገባ ለማቃጠል ይቸገራል፤ ተርቦ ጉድለቱን ይቀንሰዋል እንጂ ጨርሶ አያጠፋውም። ያልተቃጠለው ናፍጣ ጥላሸት ይሆናል፤ ከጥላሸቱም ከፊሉ ወደ ዘይቱ ይገባል። ሁለተኛ፥ በከባድ ማርሽ ቀስ ብሎ የሚወጣ መኪና ሙሉ ኀይሉን እያወጣ ከፊት የሚመጣለት ነፋስ ጥቂት ስለ ሆነ፥ ውኃውም ዘይቱም ይግላሉ። ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የማይታሰበው የሰዓት ጉዳይ ነው። በሜዳ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና 10,000 ኪሎ ሜትርን በ200 ሰዓት ይጨርሳል። በዳገትና በጥምዝምዝ መንገድ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄደው ግን ለዚያው ርቀት 500 ሰዓት ይሠራል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ለሁለቱም አንድ ቁጥር ያሳያል፤ የሁለተኛው ዘይት ግን ሁለት ዕጥፍ ተኩል ሠርቷል።

፫. ስለ ዘይቱ ዕቃ ጽሑፍ

በዘይቱ ዕቃ ላይ ከንግዱ ስምና ከሥዕሉ በታች ሁለት የተለያዩ ምልክቶች ይገኛሉ፤ ሊነበቡ የሚገባቸው እነርሱ ናቸው። የመጀመሪያው ኤስ ኤ ኢ የሚባለው ነው። ይህ በ1905 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተመሠረተ የመኪና መሐንዲሶች ማኅበር በ1911 የዘይትን ውፍረት በቁጥር መመደብ ጀመረ። ዛሬ 15 ደብልዩ 40 ተብሎ የሚጻፈው ከዚህ የመጣ ነው።

ደብልዩ ከእንግሊዝኛ የተወሰደ ፊደል ሲሆን «ክረምት» ማለት ነው ተብሎ ይተረጐማል። ትርጕሙ ቃሉን ሳይስት ነገሩን ይስታል። በእኛ አገር ክረምት የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ነው፤ በፈረንጆቹ አገር ግን የበረዶው ወራት ነው። ስለዚህ ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ብርድ ነው። 15 ደብልዩ የተባለ ዘይት ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ሞተሩ እንዲዞር የሚፈቅድ፥ በ25 ዲግሪም በፓምፕ ሊሳብ የሚችል ሆኖ የተፈተነ ነው። የደባርቅ ሌሊት ውርጭ ቢጥል እንኳ ወደዚያ አይቀርብም። እንግዲህ በደጋው ብርድ ምክንያት 15 ደብልዩን መፍራት አያስፈልግም። ደብልዩ የሌለው ነጠላ ቁጥር ዘይት ግን ስለ ብርድ የገባው ምንም ቃል የለም። ነጠላ 50 በቆላ ቀን ላይ ደህና ሲፈስስ ቢታይም፥ በደባርቅ ንጋት ላይ እንደ ቀዘቀዘ ማር ይጓተታል።

ሁለተኛው ቁጥር፥ ማለት 40፥ ዘይቱ በ100 ዲግሪ ግለት ላይ የሚኖረውን ውፍረት ያመለክታል። በመለኪያው 40 የሚባለው ከ12.5 እስከ 16.3፥ 50 የሚባለው ደግሞ ከ16.3 እስከ 21.9 ካሬ ሚሊ ሜትር በሰከንድ ያለው ነው። ስለዚህ የዳገቱ ግለት በዚህ ቁጥር ውስጥ አስቀድሞ ታስቧል። መሐንዲሱ 40 ብሎ ሲያዝ ሞተሩ ሲግል ምን እንደሚሆን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም።

ሌላው ምልክት ኤ ፒ አይ ሲሆን የአሜሪካ የፔትሮሊየም ተቋም የሚሰጠው የጥራት ደረጃ ነው። በሲ ፊደል የሚጀምረው ለናፍጣ፥ በኤስ የሚጀምረው ለቤንዚን ሞተር ነው። ለናፍጣ ሲ ኤች 4 በ1998፥ ሲ አይ 4 በ2002፥ ሲ ኬ 4 በ2016 እ.ኤ.አ. ወጡ። ደረጃው የሚነግረን ዘይቱ ጥላሸትን በትኖ የመያዝ፥ አሲድን የማርከስና ብረትን ከመበላት የመጠበቅ ችሎታውን ነው። ውፍረቱ አንድ ሆኖ ደረጃው የተለያየ ዘይት አለ። በገበያ ላይ «40 ነው ወይስ 50?» ተብሎ ሲጠየቅ እንሰማለን፤ «ሲ ስንት ነው?» የሚል ጥያቄ ግን እምብዛም አይሰማም።

በዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ መጨመር ያሻል። አዲሱ ደረጃ ሁልጊዜ ለሁሉም ይበልጣል ማለት አይቻልም። ሲ ኤች 4 እና ሲ አይ 4 በክብደት እስከ 0.5 በመቶ ድኝ ላለበት ናፍጣ የታሰቡ ናቸው። ሲ ኬ 4 ግን የታሰበው ከዚያ አንድ ዐሥረኛ፥ ማለት እስከ 0.05 በመቶ፥ ላለበት ነው፤ ተቋሙም ድኙ ከ0.0015 በመቶ ሲበልጥ የዘይት መለወጫው ጊዜ ሊነካ እንደሚችል ይናገራል። በ2016 እ.ኤ.አ. አብሮ የወጣው ኤፍ ኤ 4 ደግሞ ለተወሰኑ አዳዲስ ሞተሮች ብቻ የተዘጋጀ ቀጭን ዘይት ነው፤ ሞተሩ ካልታዘዘለት አይጨመርም። ስለዚህ ዘይት ሲመረጥ የሚቀዳውም ናፍጣ አብሮ ይጠየቃል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለው ለዘይት ገዢም ይሠራል።

፬. ስለ ሹፌሮች ቃል

«ዳገት ወፍራም ዘይት ይወዳል» የሚለውን ቃል በንቀት ማለፍ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ይህ ቃል መሠረት አለው። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መሠራት የጀመረውና በአገራችን «ኤንትሬ» በሚል ስም የታወቀው የፊያት 682 ዓይነት ሞተር ተርቦ የሌለው፥ ከባድና ታጋሽ ነበር። እንዲህ ያሉት ሞተሮች ብዙ ዓመት ሠርተው በብረቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ሲሰፋ፥ ቀጭን ዘይት በክፍተቱ ያመልጥና የግፊት መለኪያው ይወርዳል። ወፍራም ሲጨመር መለኪያው ይነሣል፤ ጭሱም ይቀንሳል። አባቶቻችን በሊማሊሞ ላይ በዐይናቸው ያዩትን ነው የተናገሩት።

ስሕተቱ ያ ለአሮጌ ሞተር የተነገረ ቃል ዛሬ ለአዲስ ሞተር መነገሩ ላይ ነው። በአዲስ ሞተር ክፍተቱ ጠባብ ነው። ወፍራም ዘይት በጠባብ ቦታ ለመግባት ስለሚታገል መለኪያው ከፍ ያለ ግፊት ያሳያል፤ ሹፌሩም ደስ ይለዋል። ነገር ግን ከፍ ያለ ግፊት ብዙ ዘይት መድረሱን አያረጋግጥም፤ መንገዱ ላይ ተቃውሞ መኖሩንም ያሳያል። ጧት ዘይቱ ሲቀዘቅዝ ደግሞ በፊልትሮው በኩል ማለፍ ስለሚያቅተው የፊልትሮው ማለፊያ ቫልቭ ተከፍቶ ሳይጣራ ይዞራል። በደቂቃ ብዙ ዐሥር ሺሕ ጊዜ የሚሽከረከረው የተርቦ ዘንግም ዘይቱ እስኪደርስለት ድረስ ይደርቃል። ሰውየው ለሞተሩ ያሰበው ክብር በየንጋቱ እንዲህ ያለ ጥም ሆኖበታል።

ሁለተኛው የሹፌሮች ቃል «ዘይቱ ጠቍሯልና አልቆለታል» የሚለው ነው። የናፍጣ ሞተር ዘይት ከተለወጠ በጥቂት ቀን ውስጥ ይጠቍራል፤ ይህም ጥላሸቱን በትኖ በመያዝ ሥራውን መሥራቱን ያመለክታል። ሳይጠቍር የሚቆይ ዘይት ቢገኝ ጥላሸቱ ከብረቱ ላይ ተለጥፎ ይሆናል ብሎ መጠርጠር ይገባል። በመለኪያ ዘንጉ ላይ ቀለሙን ብቻ አይቶ መፍረድ አይቻልም፤ ሊታይ የሚገባው ልኩ መጉደሉና መብዛቱ፥ ናፍጣ ወይም ውኃ መቀላቀሉ፥ የሠራበትም ሰዓት ነው።

ከሹፌሮች ልማድ አንድ የሚታረም ነገር ዘይቱ በትክክል ቢመረጥም ሊያበላሸው ይችላል። ሊማሊሞን የወጣ መኪና ደባርቅ ሲደርስ ሹፌሩ ለምሳ ለመድረስ ሞተሩን ወዲያው ያጠፋል። ተርቦው ግን ገና እንደ ጋለ ነው፤ ዘይቱ መዞሩን ሲያቆም በዚያው ተቃጥሎ ከሰል ይሆናል። ሞተሩን ጥቂት ደቂቃ በባዶ እያሠሩ ማቆየት ብዙ ወጪ የሚያድን ልማድ ነው።

፭. ስለ ደብተሩ አጻጻፍ

አሁን ወደ ዋናው ጽሑፍ እንመለስ። እንደነዚህ ያሉ ደብተሮች በምሕንድስና በኩል የሚያዙት አብዛኛው እውነት ነው። ጉድለታቸው በአጻጻፋቸው ላይ ነው፤ እርሱንም በሦስት ከፍለን እናየዋለን።

የመጀመሪያው የቅደም ተከተል ጉድለት ነው። ደብተሮቹ እንደ ልማድ ሁለት የሰርቪስ ሰንጠረዥ ይይዛሉ፤ አንደኛው ለተለመደ አገልግሎት፥ ሁለተኛው ለከባድ አገልግሎት ነው። ከባድ የሚባለው ሲዘረዘር ተራራማ መንገድ፥ አቧራ፥ ሙሉ ጭነት፥ ብዙ ቆሞ መሥራትና ጥራቱ ያነሰ ነዳጅ ይላል። ይህን ዝርዝር ያነበበ ሁሉ ከዳባት እስከ ዛሪማ ያለው ሕይወት እንደ ተጻፈ ይረዳል። በዚህ ዝርዝር ውስጥ የወደቀ መኪና ዘይቱ የሚለወጥበት ጊዜ ያጥራል፤ በሰማነው ጉዳይ በግማሽ፥ ማለት ወደ 5,000 ኪሎ ሜትር፥ ዝቅ ይላል። ነገር ግን ይህ ከብዙ ገጽ በኋላ በትንሽ ፊደል የተጻፈ ነው። ለጸሐፊው «የተለመደ» የሆነው ለጥ ያለ የአስፋልት መንገድ ነው፤ ለዳባቱ ሰው የተለመደው ግን ጸሐፊው «ከባድ» ያለው ነው። ባለ መኪናው በ10,000 ኪሎ ሜትር ሲለውጥ የመጀመሪያውን ሰንጠረዥ ጠብቋል፤ ሁለተኛውን ግን ሳያውቅ ሽሯል። እንግዲህ ትክክለኛውን ዘይት ቢጨምር ኖሮ እንኳ በጊዜው ይረታ ነበር።

ሁለተኛው የቃላት ጉድለት ነው። በደብተሩ ውስጥ «ይመከራል»፥ «ይገባል» እና «ግዴታ ነው» የሚሉት አሳቦች እየተቀላቀሉ ይገኛሉ። አንድ የዘይት ስም ጠቅሶ «ይህን እንመክራለን» ካለ በኋላ «ወይም ተመሳሳይ ደረጃ ያለው» ይላል። ምክር ትእዛዝ አይደለም፤ ተመሳሳይ የሚለውም ቃል በውፍረት ነው ወይስ በደረጃ ነው ወይስ በሁለቱም? እኛ ስናነበው የሚያስኬደው ትርጕም አንድ ነው፤ በሁለቱም የተመሳሰለ ዘይት የማንም ስም ቢኖርበት ይፈቀዳል። ነገር ግን ይህን ለማግኘት ያነበብነው እንደ ቅኔ ሰምና ወርቅ እየለየን ነው። ለቅኔ የሚያምር አሻሚነት በውል ውስጥ ሲገኝ ጉዳት ነው። በዚያ ላይ ጽሑፉ በባዕድ ቋንቋ ሲሆን፥ ሹፌሩም መካኒኩም ባለ ንብረቱም ያላነበቡት ሕግ ይገዛቸዋል።

ሦስተኛው የጊዜ ጉድለት ነው። ደብተሮቹ ዋስትናውንም ዘይቱንም በኪሎ ሜትርና በወር ይወስኑና «ከሁለቱ የቀደመው» ይላሉ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ተጀምሮ እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት ድረስ በደባርቅ በኩል ወደ ትግራይ የሚያልፈው የንግድ መንገድ ተቋርጦ ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻም ውጊያው እስከ ዳባት ወረዳ ደርሷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ቆጣሪው ሳይንቀሳቀስ ወሩ ያልቃል። የቆመ ሞተር ዘይትም እርጥበት እየያዘ ያረጃልና የወሩ ሕግ በምሕንድስና ትክክል ነው። ነገር ግን መንገድ ተዘግቶ ወደ ሻጩ ጋራዥ መድረስ ለማይችል ሰው ምን ይደረግለታል? እንዲህ ላለው ሰው በቦታው እንዲለውጥና ማስረጃ እንዲይዝ የሚፈቅድ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢኖር ብዙ ክርክር ያስቀር ነበር።

፮. ስለ ሕጉ

አንባቢ «ሕግ የለም ወይ?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2287 ሻጭ የሸጠው ዕቃ እንደ ውሉ መሆኑንና ጉድለት የሌለበት መሆኑን ለገዢው እንዲያረጋግጥ ያዛል። ያው ሕግ በቁጥር 1731 ደግሞ በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ እንደሚጸና ይናገራል። ስለዚህ ፈርመው የተቀበሉት ደብተር ተራ መመሪያ ሆኖ አይቀርም።

በአሜሪካ በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣው የማግነሰን–ሞስ የዋስትና ሕግ፥ ዕቃውን በነጻ ካልሰጠ ወይም ልዩ ፈቃድ ካላገኘ በቀር፥ ዋስትና ሰጪ ገዢውን በአንድ የንግድ ስም ዘይት ወይም ዕቃ እንዳያስር ይከለክላል። ይህ ሕግ ግን የሚጠብቀው ለግልና ለቤት መጠቀሚያ የሚውሉ ዕቃዎችን ነው። የእኛውም በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች የሚለው ለግሉ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛውን ሰው ነው። የጭነት መኪና ገዝቶ የሚነግድ ሰው ከሁለቱም ጥላ ውጭ የመውደቁ ዕድል ሰፊ ነው። እንግዲህ ዋና ጠበቃው ያው ያላነበበው ደብተር ነው።

በዳባቱ ጉዳይ ላይ ፍርድ እንስጥ ብንል፥ ስለ ዘይቱ ዓይነት ሻጩ እውነት አለው፤ ሞተሩ 15 ደብልዩ 40 ታዝዞለት ነጠላ 50 መጨመሩ ስሕተት ነው። ስለ ማስረጃውም ባለ መኪናው ራሱን ጎድቷል፤ በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች እንደሚባለው ነው። ነገር ግን ማስረጃ ማጣትና ሞተር ማበላሸት ሁለት ነገሮች ናቸው። ሻጩ ጉዳቱ ከዘይቱ መምጣቱን ለማረጋገጥ ዘይቱን በቤተ ሙከራ አስመርምሮ ውፍረቱን፥ ጥላሸቱንና የተሸረፈውን ብረት መጠን ማሳየት ይችል ነበር፤ ይህ አልተደረገም። ደግሞም መኪናው የት እንደሚሠራ እያወቀ ስለ ሁለተኛው ሰንጠረዥ አንድ ቃል ሳይናገር መሸጡ ከነቀፋ አያድነውም።

፯. መደምደሚያ

ሻጮች የሚያቀርቡት መከራከሪያ መዘንጋት የለበትም። «በየመንደሩ ዘይት ይለወጥ ብለን ከፈቀድን፥ በታዋቂ ስም ዕቃ ውስጥ የተሞላ አሮጌ ዘይት ሞተሩን ያበላሸውና ዕዳው በእኛ ላይ ይወድቃል» ይላሉ። ይህ እውነተኛ ፍርሃት ነው፤ አስመስሎ የተሞላ ዘይት ለባለ መኪናውም ጠላት ነው። ይሁን እንጂ መፍትሔው ማስረጃውን ማቅለል እንጂ ሰውን ሁሉ ወደ ሩቅ ጋራዥ መጥራት አይደለም። ዛሬ በሹፌሩ ኪስ ውስጥ ስልክ አለ። ያልተከፈተውን የዘይት ዕቃ ክዳን፥ ሁለቱን ምልክቶች፥ አዲሱን ፊልትሮና የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን በፎቶግራፍ አንሥቶ ከደረሰኙ ጋራ ማስቀመጥ ዐሥር ደቂቃ አይፈጅም። ሻጩም ይህን እንደ ማስረጃ እንደሚቀበል በደብተሩ ቢጽፍ፥ አስመሳዩ ዘይት ራሱ ቶሎ ይያዝ ነበር።

ስለዚህ የምናቀርበው አሳብ ትንሽ ነው። ከእያንዳንዱ ደብተር ፊት አንድ የአማርኛ ገጽ ይጨመር። በገጹ ላይ አምስት ነገሮች ይጻፉ፤ የዘይቱ የውፍረት ቁጥር፥ ዝቅተኛው የጥራት ደረጃ፥ በተራራ መንገድ የሚለወጥበት ኪሎ ሜትርና ወር፥ ማንኛውም ስም ይፈቀድ እንደ ሆነ ወይም እንዳይፈቀድ፥ የሚያዘውም ማስረጃ። «ከባድ አገልግሎት» የሚለው ቃል ወጥቶ «በዳገት፥ በአቧራና በሙሉ ጭነት የሚሠራ» ተብሎ በግልጽ ይጻፍ። ይህን ገጽ ለማዘጋጀት የምሕንድስና ተማሪው ብቻውን አይበቃም፤ የአማርኛ ተማሪው ብቻውንም አይበቃም። ሁለቱ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው ቢሠሩት ለትምህርታቸውም ለአገራቸውም የሚጠቅም ሥራ ይሆናል።

ከዚህ ሐተታ ውስጥ በምሕንድስናም ሆነ በሕግ በኩል የተሳሳትነው ነገር ቢኖር መምህራንና ጓደኞቻችን በሚመጣው ቍጥር ቢያርሙን ደስ ይለናል። ለዳባቱ ባለ መኪና የሚመለስለት ነገር ስለሌለ ከንፈር ከመምጠጥ በቀር አልረዳነውም። ሞተሩን በራሱ ገንዘብ አሳድሶ እንደገና እየሠራ ነው፤ በመሰነባበቻችን ጊዜ ግን ደብተሩን ከላስቲኩ አውጥቶ ሁለተኛው ሰንጠረዥ የትኛው ገጽ ላይ እንዳለ እንድናሳየው ጠየቀን። አሳየነው፤ ገጹንም በእስክሪፕቶ አከበበው።